ሃያ፣ አርባ ወይስ ተንሸራታች? ኮንቴይነር ለሚጎትት ሾፌር የሻሲ አመራረጥ

አሜሪካ ወደብ ላይ ኮንቴይነር መጎተት የጀመረ ሾፌር ሻሲ (ኮንቴይነሩ የሚጫንበትን ባለ ጎማ ተጎታች ብረት) የሚመርጠው ሳጥኑን አይቶ ነው፤ ሃያ ጫማ ከሆነ ባለ 20ውን፣ አርባ ከሆነ ባለ 40ውን። ለባዶና ለቀላል ጭነት ይሄ ችግር የለውም። ጭነቱ ሲከብድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትልቁ ሳጥን በደህና ባለ 40 ሻሲ ላይ ያለ ጣጣ ሲያልፍ፣ ያ ትንሹ ባለ 20 ሚዛን ላይ ያስቆማል። ንጣፍ ድንጋይ፣ እምነበረድ፣ ብረታ ብረት፣ የታሸገ ምግብ፣ በርሜል ኬሚካል ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በባለ 20 ነው። ክብደቱ ሁሉ በ20 ጫማ ላይ ተከማችቶ ይመጣል፤ ሕጉ ደግሞ የሚጠይቀው ያ ክብደት በስንት ጫማ ላይ እንደተዘረጋ ነው።

አገር ቤት በከባድ መኪናና በተሳቢ ከጅቡቲ ሞጆ ለተመላለሰ ሾፌር ይሄ አዲስ ነገር ነው። እዚያ አንዱ ባለ 20 ከመኪናው ላይ፣ ሌላው ከተሳቢው ላይ ይቀመጣል። እዚህ አንድ ሳጥን በአንድ ሻሲ ላይ ይጫናል፤ ሻሲው ደግሞ ወለል የሌለው፣ ሁለት ረጅም ብረት፣ አክስልና ሳጥኑን የሚይዙ አራት ቁልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የሻሲው ቅርጽ ራሱ ጭነቱ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑን ይወስናል። ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የሰጠነው ለከባዱ ባለ 20 የሆነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ

በኢንተርስቴት (ክፍለ ግዛቶችን በሚያገናኘው ዋና) መንገድ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 80,000 ፓውንድ ነው። ነጠላ አክስል 20,000፣ ታንደም (ተጠጋግተው የተቀመጡ ሁለት አክስሎች) 34,000። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች የማያውቅ ሾፌር የለም። አራተኛው የብሪጅ ፎርሙላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀጣውም በእሱ ነው። ድልድይን ከጉዳት ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ሲሆን፣ አክስሎች ተጠጋግተው ብዙ ክብደት እንዳይሸከሙ ይከለክላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አክስል ያለውን ርቀት በጫማ ለኩ። በአክስሎቹ ብዛት አባዙት፤ ከአክስሎቹ ብዛት አንድ ቀንሳችሁ በሚቀረው አካፍሉት። የአክስሎቹን ብዛት በ12 አባዝታችሁ ደምሩበት፤ 36ም ጨምሩ። ጠቅላላውን በ500 አባዙት። የሚወጣው የሚፈቀደው ክብደት በፓውንድ ነው፤ ወደ ቅርቡ 500 ይጠጋጋል።

የጎታቹን (ሻሲውን የሚስበውን መኪና) ሁለት የኋላ አክስሎችና የሻሲውን ሁለት አክስሎች ማለትም አራቱን ብቻ ብንወስድ፣ ርቀታቸው 20 ጫማ ሲሆን 55,500 ፓውንድ ይፈቀዳል። በ24 ጫማ 58,000፣ በ28 ጫማ 60,500፣ በ30 ጫማ 62,000፣ በ32 ጫማ 63,500 ይደርሳል። 36 ጫማ ላይ ሲደርስ ሁለቱ ታንደሞች እያንዳንዳቸው ሙሉ 34,000፣ በድምሩ 68,000 እንዲሸከሙ ሕጉ ለብቻው ይፈቅዳል። መሪ አክስሉን ጨምሮ አምስቱም ሲቆጠሩ 80,000 ለመሙላት 51 ጫማ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ እውነተኛ ዓይነት ጭነት እንውሰድ። ዕቃው 44,000 ፓውንድ፣ ባዶው ባለ 20 ሳጥን 5,000 ገደማ፣ ሻሲው 7,000፣ የሾፌር መኝታ አልጋ የሌለው ጎታች 17,000። ድምሩ 73,000 ነው። ወረቀቱን ያየ ሰው «ከ80,000 በታች ነው፣ እንሂድ» ይላል። መሪ አክስሉ 11,000 ቢይዝ ግን ለቀሩት አራት አክስሎች 62,000 ይተርፋል። ሻሲው አጥሮ ርቀቱ 24 ጫማ ከሆነ የሚፈቀደው 58,000 ነው፤ 4,000 ፓውንድ ትርፍ ማለት ነው። ያንኑ ሻሲ 6 ጫማ ስባችሁ 30 ጫማ ብታደርሱት ልክ 62,000 ይፈቀዳል። ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ካርቶን ሳይወርድ ጭነቱ ሕጋዊ ሆነ። ተንሸራታች ሻሲ የተሠራው ለዚህች 6 ጫማ ነው።

የሳጥኑን ባዶ ክብደት በግምት አትውሰዱ። የኋላ በሩ ላይ ትልቁ የሚፈቀድ ክብደትና ባዶ ክብደቱ በኪሎና በፓውንድ ተጽፈዋል። የሻሲው ባዶ ክብደትም ብዙውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ቋሚው ባለ 20

የማይሳብ፣ አጭር፣ ቀላልና ርካሽ ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ እንደ ልብ ይዞራል። ለባዶ ሳጥንና ለቀላል ጭነት ጥሩ ነው። ከላይ ያለው ሂሳብ እንደሚያሳየው ለከባድ ጭነት ግን አይሆንም። ዲስፓቸር (ሥራ የሚያከፋፍለው ሰው) «ሃያ ነው፣ ትንሽ ነው» ብሎ ሲልካችሁ ክብደቱን ጠይቁ። ዕቃው ከ30,000 ፓውንድ የሚያልፍ ከሆነ ርቀቱን ለክታችሁ ሂሳቡን ሳትሠሩ ቋሚ ሻሲ አትያዙ።

ተንሸራታቹ ባለ 20፣ ባለ ሁለት አክስል

የኋላው የአክስል ክፍል በዋናው ብረት ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ነው። ተዘግቶ ከሳጥኑ ጥቂት ብቻ ይረዝማል። ሲከፈት አክስሎቹ ከሳጥኑ በር ኋላ ይወጣሉ፤ ክብደቱም ከኋላ ቀንሶ ወደ ጎታቹ ይጠጋል። ስለዚህ ከፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የጎታቹ ታንደም 34,000 እንዳያልፍ ሚዛን ላይ አረጋግጡ። ከኋላ ያመለጠውን ትርፍ ፊት ላይ የሚያገኘው ሾፌር ብዙ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ መጋዘን ሲደርሱ ይታያል። ተከፍቶ እንዳለ ወደ ዶክ (የመጋዘኑ ማራገፊያ በር) ብትመለሱ ከሳጥኑ በርና ከዶኩ መካከል ብዙ ጫማ ክፍተት ይቀራል፤ ፎርክሊፍት አይገባም። ስለዚህ መንገድ ላይ ክፍት፣ ዶክ ላይ ዝግ ነው የሚሠራው። ይህም በአንድ ጉዞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ጭነቱ ላዩ ላይ እያለ ማንሸራተት ማለት ነው። በሻሲው ላይ ያለውን የአምራቹን ማስጠንቀቂያ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በጭነት ሲንሸራተት የሚጠየቀው ጥንቃቄ እዚያ ላይ ተጽፏል።

አንሸራተቱ እንዲህ ይሁን። ደልዳላ መሬት ፈልጉ፤ ጎታቹና ሻሲው ቀጥ ብለው ይቁሙ። ትንሽ እንኳ ተጣጥፎ ከቆመ ብረቱ ይጎብጣል ወይም ይነክሳል። ጋቢና ውስጥ ያለውን ቀዩን የፍሬን ቁልፍ ስባችሁ የሻሲውን ፍሬን ያዙ፤ ቢጫውን ተጭናችሁ የጎታቹን ልቀቁ። ከዚያ በፊት ግን ወርዳችሁ የሚንሸራተተውን ክፍል የሚቆልፈውን የፒኑን መያዣ ስባችሁ በክፍት ቦታው ላይ ቆልፉት፤ ስትወርዱ ሁለቱም ፍሬኖች የተያዙ ይሁኑ። ፒኖቹ በሁለቱም ጎን መውጣታቸውን ጎንበስ ብላችሁ እዩ። አንዱ ወጥቶ ሌላው ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ በክረምት ጨው የጠጣ ሻሲ ላይ።

ለማስረዘም በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ወደፊት፣ ለማሳጠር ወደኋላ። የሻሲው ጎማዎች ተይዘው ስለሚቆሙ የሚንቀሳቀሰው ዋናው ብረትና ሳጥኑ ነው። ጎማው አብሮ ከተንሸራተተ ወይም ከተንከባለለ ፍሬኑ አይይዝም ማለት ነው፤ ያ ሻሲ ወደ ጥገና ይመለስ እንጂ መንገድ አይውጣ። ወደ ፈለጋችሁት ቀዳዳ ስትደርሱ ቁሙ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ መያዣውን ልቀቁት፣ ተመልሳችሁ ጥቂት ኢንች ወዲያና ወዲህ አድርጉት። ፒኑ ሲገባ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

በድምፁ ብቻ አትተማመኑ። ፒኑ የቀዳዳውን ጠርዝ መትቶም ይጮኻል። ባትሪ ይዛችሁ ወርዳችሁ የፒኑ ጫፍ በብረቱ ማዶ መውጣቱን በግራም በቀኝም እዩ። ከዚያ የሻሲውን ፍሬን እንደያዛችሁ በቀስታ ወደፊት ጎትቱ፤ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ገብቷል። ግማሽ የገባ ፒን የመጀመሪያው ድንገተኛ ፍሬን ላይ ይወጣና ብረቱ እስከ ማቆሚያው ድረስ ይሮጣል፤ የአየር ቱቦው ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ማቆሚያው ራሱ ይገነጠላል። ቱቦውንና የመብራት ገመዱን የመጨረሻ ሥራችሁ አድርጋችሁ እዩ፤ ሲከፈት የተወጠረ፣ ሲዘጋ መሬት የሚነካ ከሆነ ሳትነሱ አስተካክሉት።

ፒኑ አልወጣ ካለ የያዘው ክብደት ነው። መያዣውን እንደሳባችሁ ጎታቹን ጥቂት ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት ግፊቱ ይለቀዋል። በመዶሻ መምታትና ዘይት ማጠጣት ቀጥሎ ይመጣል። ሰው በሻሲው መካከል ወይም ከኋላ ቆሞ ፒን እየጎተተ ሌላው መኪናውን ማንቀሳቀስ ግን በፍጹም አይደረግ። ችኮላ ላይ የሚደረግ ነው፤ እጅም እግርም የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

ባለ ሦስት አክስሉ

ትራይ አክስል የሚባለው ነው። ክብደቱ 10,000 ፓውንድ ገደማ ይደርሳል፣ ከባለ ሁለት አክስሉ ተንሸራታች 3,000 ያህል ይበልጣል። «ራሱ ከብዶ ምን ይጠቅማል?» ለሚል መልሱ ሂሳቡ ውስጥ ነው። ከጎታቹ የመጀመሪያ የኋላ አክስል እስከ ሻሲው መጨረሻ 32 ጫማ ቢሆን፣ በአራት አክስል 63,500 የሚፈቀደው በአምስት አክስል 68,000 ይሆናል። መሪ አክስሉ 12 ጫማ ቀድሞ ቢቀመጥ፣ ስድስቱም በ44 ጫማ ላይ 80,000ውን ይሞላሉ። ከ80,000 ላይ ጎታቹን 17,000፣ ሻሲውን 10,000፣ ሳጥኑን 5,000 ቀንሱ፤ 48,000 ፓውንድ ዕቃ ይቀራል። ባለ ሁለት አክስሉ በ30 ጫማ ከ45,000 ብዙ አያልፍም።

ሁለተኛው ጥቅሙ ፈቃድ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ወይም ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ማኅተሙ ያልተነካ የባሕር ኮንቴይነር እንደማይከፋፈል ጭነት ተቆጥሮ የትርፍ ክብደት ፈቃድ እንዲሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ለክፍለ ግዛቶች ይፈቅዳል። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይሰጣሉ፣ አክስል ግን ይቆጥራሉ። በሎስ አንጀለስና ሎንግ ቢች ወደቦች ዙሪያ በተወሰኑ ጎዳናዎች ላይ በፈቃድ እስከ 95,000 ፓውንድ ይሄዳል። ፈቃዱ ለተጻፈለት መንገድ ብቻ እንደሚሠራ አትርሱ፤ አንድ ጎዳና ስታልፉ ፈቃድ እንደሌለው ትቆጠራላችሁ።

ዋጋው ጎማ ላይ ይከፈላል። በጠባብ ግቢ ውስጥ ሲዞር ሦስቱ አክስሎች እኩል መዞር ስለማይችሉ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎማ አስፋልቱን እየፋቁ ይሄዳሉ። የጎማው ጠርዝ ተላልጦ፣ ክሩ ሳያልቅ ጎማው ያልቃል። በጣም አትጠምዝዙት፣ ሰፋ አድርጋችሁ ግቡ። በአክስል ቁጥር የሚያስከፍሉ የክፍያ መንገዶችም ይወደዳሉ። የፍሬን ሸራ፣ ታምቡር፣ ኩሽኔታና ባሌስትራውም አንድ አክስል ይጨምራል።

ፈሳሽ የሚይዙት ባለ 20 ታንክ ኮንቴይነሮች ከሁሉ በላይ ይሄንን ሻሲ ይፈልጋሉ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፣ የክብደቱ ማዕከልም ከፍ ያለ ነው፤ ከሀይዌይ መውጫ ኩርባ ላይ ምልክቱ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት በታች ግቡ።

ሃያም አርባም የሚይዘው

በአንድ ሻሲ ላይ የተጨማሪ ቁልፎች ረድፍ ያለው ነው፤ አንዳንዱ 12 ቁልፍ ይኖረዋል። አርባ፣ መሃል ላይ አንድ ባለ 20፣ ወይም ሁለት ባዶ ባለ 20 ይቀበላል። «አንድ ብቻ ልግዛ» ለሚል ባለንብረት ዓይን የሚስበው ይሄ ነው፤ እኛ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ምን ዓይነት መጋዘን እንደምታደርሱ እንድታስቡ እንመክራለን።

ከባዱ ባለ 20 መሃሉ ላይ ሲቀመጥ በጣም ጥሩ ነው። ሻሲው ረጅም ስለሆነ የብሪጅ ሂሳቡ ሙሉ 68,000 ይሰጣል፤ ክብደቱም ለሁለት ይከፈላል። ችግሩ በሩ ከሻሲው መጨረሻ 10 ጫማ ያህል ገብቶ መቆሙ ነው። ዶክ ላይ አይደርስም። «እንግዲያው ከኋላ ላስቀምጠው» የሚል ሰው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከነሳጥኑ 49,000 ፓውንድ የሆነ ጭነት ከኋላ ጫፍ ላይ ቢቀመጥ መሃሉ ከታንደሙ 6 ጫማ ብቻ ይቀድማል። ከኪንግ ፒን (ሻሲው ከጎታቹ ጋር የሚያያዝበት ፒን) እስከ ታንደሙ 33 ጫማ ቢሆን፣ ከጭነቱ 40,000 ፓውንድ ገደማ በታንደሙ ላይ ያርፋል። የሻሲው ክብደት ገና አልተጨመረም፤ ገደቡ ግን 34,000 ነው። ጎታቹ ደግሞ ፊቱ ቀሎ በእርጥብ መንገድ ላይ ጎማው ያንሸራትታል።

ስለዚህ ይህ ሻሲ የሚጠቅመው ሁለት ቦታ ነው፦ ሳጥኑ በክሬን ወይም በማንሻ ከላይ ለሚወርድበት ግቢ፣ ወይም ባለ 20 ቀላል ለሚመጣበት ሥራ። የኋላው ክፍል ወደፊት የሚሳብ ዓይነት ካገኛችሁ የዶኩ ችግር ይቃለላል፤ ክብደቱና የፒኖቹ ብዛት ግን ይጨምራል።

ባለ 40 ጉዝ ኔክ

በየወደቡና በየባቡር ጣቢያው ተደርድሮ የምታዩት ይሄ ነው። የፊቱ አንገት ከፍ ብሎ የቀረው ብረት ዝቅ ያለ ነው። ባለ 40 ኮንቴይነር ከፊቱ በታች የተቦረቦረ ቦታ አለው፤ አንገቱ እዚያ ውስጥ ይገባና ሳጥኑ ብዙ ኢንች ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ቁመቱ 9 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነው ሃይ ኪዩብ ሳጥን በምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች ከተለመደው የ13 ጫማ ከ6 ኢንች ገደብ በታች እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ዝቅታ ነው። አንገት በሌለው ቀጥ ያለ ሻሲ ላይ ያንኑ ሳጥን ከጫናችሁ ድልድይ ሥር ከመግባታችሁ በፊት ቁመቱን በመለኪያ ሜትር ለኩ።

ባለ 20 ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ያ የተቦረቦረ ቦታ የለውም። ስለዚህ በጉዝ ኔክ አንገት ላይ አይተኛም፤ አንድ ጥግ ብድግ ብሎ ከቀረ ቁልፉም አይገባም።

ክብደቱ 6,500 ፓውንድ አካባቢ ስለሆነ በአልጋ አልባ ጎታች 44,000 ፓውንድ ያህል ዕቃ በምቾት ይይዛል። ማቀዝቀዣ ሳጥን ከሆነ ከሥር የሚንጠለጠለው ጀነሬተር ከ1,500 እስከ 2,000 ፓውንድ ይወስድባችኋል፤ ከዕቃው ላይ ቀንሱት።

የሚረዝመው 40/45ና ባለ 53ቱ

ባለ 45 ሳጥን በመስመራችሁ ላይ በብዛት ከሌለ 40/45 መግዛት አያስፈልግም፣ ሲመጣ ተከራዩ። የማስረዘሙ ሥርዓት ከላይ እንዳለው ነው፤ ባዶውን አስረዝሙት። ባለ 53 ሻሲ የአገር ውስጥ የባቡር ሳጥን ነው የሚሸከመው። ካሊፎርኒያ ለምትገቡ አንድ ቁጥር ያዙ፦ ከኪንግ ፒን እስከ መጨረሻው አክስል መሃል ከ40 ጫማ መብለጥ የለበትም።

ቁልፎቹ

ለየትኛውም ሻሲ እኩል የሚሠራ ሕግ አለ። ሳጥኑ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደ ጎን ከግማሽ ኢንች በላይ፣ ወደ ላይ ከአንድ ኢንች በላይ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ፊቱና ኋላውም ለየብቻ መቆለፍ አለባቸው። የኋላዎቹ ትዊስት ሎኮች በሳጥኑ ጥግ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ሩብ ዙር የሚዞሩ ናቸው። እጀታው ሙሉ በሙሉ ዞሮ ማቆያው ውስጥ ካልተቀመጠ በንዝረት ይከፈታል። የጉዝ ኔክ የፊት ቁልፎች ግን ከፊት ወደ ኋላ የሚገቡ ፒኖች ናቸው። ክሬኑ ሳጥኑን ሁለት ኢንች ወደኋላ ካሳረፈው እጀታው የተገፋ ይመስላል፣ ፒኑ ግን የጥጉን ቀዳዳ አላገኘም። ከመሬት ሆናችሁ በባትሪ ቀዳዳው ውስጥ ፒኑ መታየቱን አረጋግጡ። ባዶ ሳጥን በድልድይ ላይ በንፋስ ሊወድቅ የሚችለው እንዲህ ነው።

ስትመልሱም ተቃራኒውን አትርሱ። ክሬን ሥር ከመግባታችሁ በፊት አራቱም ይከፈቱ። አንድ ቁልፍ ከተረሳ ክሬኑ ሳጥኑን ሲያነሳ ሻሲውንና ጎታቹን አብሮ ያነሳል፣ ሾፌሩ ውስጥ እያለ። ባለ 12 ቁልፉ ሻሲ ላይ ይሄ አደጋ ይበልጣል፤ ቁልፎቹን እየነካችሁ ቁጠሩ።

መከራየት ወይስ መግዛት

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የመርከብ ድርጅቶች ሻሲ ማቅረብ እያቆሙ መጡ። አሁን አብዛኛው ሻሲ እንደ ዲሲኤልአይ፣ ትራክና ፍሌክሲ ቫን ካሉ አከራዮች በቀን ይወሰዳል። የእኛ ምክር አጭር ነው፦ ባለ 40ውን ተከራዩ፣ ተንሸራታቹን ባለ 20 ወይም ትራይ አክስሉን ግዙ። ባለ 40 ጉዝ ኔክ በየአከራዩ ግቢ ሞልቷል። ከባድ ባለ 20 ሲመጣ ግን ተንሸራታች ፍለጋ ግማሽ ቀን ይባክናል፤ ተንሸራታች ያለው ሾፌር ለዚያ ጭነት የተሻለ ዋጋ መጠየቅ ይችላል። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ከባድ ባለ 20 የምታነሱ ከሆነ ግን ግዢው አያዋጣም፤ ኢንሹራንሱ፣ ታርጋው፣ ዓመታዊ ምርመራውና ማቆሚያው የእናንተ ይሆናል።

ስትከራዩ ከበር ከመውጣታችሁ በፊት መመርመር በፌዴራል ሕግ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ያገኛችሁትን ብልሽት ማስታወቅም እንዲሁ። ዓመታዊው ምርመራ ከተደረገ 12 ወር እንዳልሞላው ምልክቱ ላይ እዩ። መብራትና ፍሬቻ፣ ጎማ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የኤቢኤስ መብራት፣ ከሞዞው የሚፈስ ዘይት፣ የቸርኬው ዳዶ ዙሪያ የዛገ ጭረት። ጭረቱ ዳዶው መላላቱን ይነግራችኋል። አራቱንም ጎን ፎቶ አንሱ፤ ሰዓቱ የሚታይበት ፎቶ ስትመልሱ ባልሠራችሁት ብልሽት እንዳትከፍሉ ያደርጋል።

ያገለገለ ተንሸራታች ስትገዙ ቀለሙን አትዩ፤ ታድሷል የተባለ ሻሲ ብዙ ጊዜ ዝገቱ ላይ የተቀባ ነው። መጀመሪያ የፒን ቀዳዳዎቹን እዩ። ክብ መሆን ሲገባቸው እንደ እንቁላል ከረዘሙ ፒኑ ገብቶም ይንጓጓል፣ በፍሬን ጊዜ ብረቱን ይደበድባል። ቀጥሎ አንገቱ ከዋናው ብረት ጋር የተበየደበትን ቦታ በብሩሽ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ ከቀለሙ ሥር የዛገ ቀጭን መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው። ከኋላ ቆማችሁ በአንድ ዓይን ሁለቱን ብረቶች እዩ፣ አንዱ ጎብጦ ከሆነ ሳጥኑ አይገጥምም። ሻጩ ባለበት ጎታች አያይዛችሁ ሁለት ጊዜ ከፍታችሁ ዝጉት፣ መጨረሻው ቀዳዳ ድረስ። ባዶውን በቀላሉ የማይንሸራተት ሻሲ 49,000 ፓውንድ ሲሸከም ጨርሶ አይንቀሳቀስም። በመጨረሻም በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ሳህኑ የተነቀለበትን ሻሲ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትውሰዱት፤ ታርጋ ለማውጣት ስትሄዱ እዚያው ይቆማል።